ከመስመር ወደ ካሬ፦ አዲሱን ኮድ በማሸጊያዎ ላይ ለማስገባት

በለገጣፎና በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በገላንና በዱከም ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና ማር እያሸጉ ወደ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች የሚልኩ አነስተኛ አምራቾች አሁን አሁን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ባር ኮዱ ሊቀር ነው የሚባለው እውነት ነው? ያሳተምነው ማሸጊያስ ምን ሊሆን ነው?» ያሳተሙትን ሳይጨነቁ ይጠቀሙበት። ለጊዜው የሚቀር ነገር የለም፤ የሚጨመር ግን አለ፤ እሱም በስልክ እንደምንቃኘው ኪውአር ያለ ካሬ ኮድ ነው። ሲጨምሩ የሚከስሩትም ካሬውን በማሳተማቸው አይደለም። ካሬው ውስጥ ምን እንደሚገባ ሳይወስኑ ማተሚያ ቤት በመሄዳቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባር ኮድ ቁጥሮችን በዓለም ደረጃ የሚያስተዳድረው ጂኤስ1 የተባለ ድርጅት ዋና ቢሮው ብራስልስ ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2020 ዓ.ም. ድረስ፣ የመደብር መክፈያዎች ከመስመሩ ኮድ ጎን ለጎን ባለ ሁለት አቅጣጫውን ካሬ ኮድም ማንበብ እንዲችሉ ግብ አስቀምጧል። ግቡ የተቀመጠው ለመደብሮች ነው፤ አምራቹ መስመሩን ፍቆ ካሬ እንዲያትም የሚያስገድድ ሕግ አይደለም። ምርትዎ ከሰፈር ሱቅ የማያልፍ ከሆነ ይህን መመሪያ አንብበው ማስቀመጥ ይበቃል። ሱፐርማርኬት የሚያስገቡ ወይም ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ከሆነ ግን ቀጣዩን የማሸጊያ ሕትመት ከማዘዝዎ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

መስመሩ ኮድ በመደብር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ፓኮ ማስቲካ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ አንድ ነው፦ ቁጥር መናገር። ሽሮው የማን እንደሆነ፣ ግማሽ ኪሎ ይሁን አንድ ኪሎ ይለያል፤ መቼ እንደተፈጨና እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን አያውቅም። ካሬው ይህን ሁሉ ሊይዝ ይችላል። የመደብሩ ሶፍትዌር ከተዘጋጀ፣ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ማሽኑ ራሱ አልሸጥም ይላል። አንድ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተ ምርት፣ ላይ ችግር ቢገኝም ከመደርደሪያው የሚነሳው ያ ባች ብቻ ይሆናል፤ ያለዎትን ሽሮ በሙሉ ጭነው እንዲመልሱ አይገደዱም። ለአነስተኛ አምራች ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንበኛው በስልኩ ቃኝቶ የሚያየው ገጽ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

1. ገዢዎ ምን ማንበብ እንደሚችል ይወቁ

ዕቃ ወደሚያስረክቡበት ሱፐርማርኬት ሲሄዱ የማንበቢያውን ብርሃን ይመልከቱ። አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ የሚወረውር ከሆነ ሌዘር ነው፤ ካሬ ኮድን ፈጽሞ አያነብም። ሰፋ ያለ ብርሃን የሚያበራ ወይም መሐሉ ላይ ምልክት ያለው ከሆነ በካሜራ የሚሠራ ነውና ሊያነብ ይችላል። በዓይን ካልለየልዎት በስልክዎ ስክሪን ላይ አንድ ካሬ ኮድ ከፍተው እንዲያስነኩት ይጠይቁ፤ ሌዘር የስልክ ስክሪን ላይ ያለውን መስመር ኮድ እንኳ በአብዛኛው ማንበብ ያቅተዋል።

ማንበቢያው ቢችልም ሶፍትዌሩ ላይችል ይችላል። የብዙ መደብሮች ፕሮግራም የሚጠብቀው 13 አኃዝ ነው፤ ካሬው ግን ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይልካል። ስለዚህ ለመደብሩ ኃላፊ የሚቀርበው ጥያቄ «ካሬ ኮድ ታነባላችሁ?» የሚል ብቻ አይሁን። «ከካሬው ውስጥ የምርቱን ቁጥር ለይቶ ያወጣል? የማብቂያ ቀኑንስ ይመለከታል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ ካሬውን ለደንበኛው ስልክ ብቻ ያዘጋጃሉ፤ ወጪዎም በዚያው ልክ ይሆናል።

2. ቁጥሩ የእርስዎ ይሁን

መሠረቱ ያው የድሮው ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ነው። ካሬው ውስጥ ሲገባ ከፊቱ ዜሮ ይጨመርበትና 14 ይሆናል። ቁጥሩ የሚገኘው በጂኤስ1 ሥርዓት በኩል ተመዝግቦ ነው። ከሌላ ሰው ማሸጊያ መገልበጥ ወይም ከኢንተርኔት ላይ ርካሽ ቁጥር መግዛት፣ መደብሩ ውስጥ ምርትዎ በሌላ ሰው ስምና ዋጋ እንዲወጣ በር መክፈት ነው። በ2 የሚጀምሩት ደግሞ መደብሮች ለራሳቸው የውስጥ አገልግሎት፣ ለምሳሌ መዝነው ለሚሸጡት ሥጋና አይብ፣ የሚጠቀሙባቸው ናቸውና ለአምራች አይሆኑም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ምርቱ የተሠራበትን አገር ያመለክታሉ የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። የሚያመለክቱት ቁጥሩን የሰጠው የጂኤስ1 ቢሮ የት እንዳለ ነው። በ616 የሚጀምር ቁጥር የኬንያው ቢሮ የሰጠው ነው፤ ሽሮው ግን ሰንዳፋ የተፈጨ ሊሆን ይችላል።

የግማሽ ኪሎውና የአንድ ኪሎው ቁጥር ይለያያል፤ ሚጥሚጣ የተጨመረበትና ያልተጨመረበትም እንዲሁ። የመጨረሻው አኃዝ ማረጋገጫ ነው። ለማሳያ 950600013435 የሚሉትን 12 አኃዞች እንውሰድ፦ ከግራ ጀምሮ በተራ በ1 እና በ3 ይባዛሉ፤ ድምሩ 78 ይመጣል፤ ቀጥሎ ወዳለው ሙሉ አሥር፣ ማለትም ወደ 80 ለመድረስ 2 ይጎድላል። ስለዚህ ሙሉው ቁጥር 9506000134352 ነው። የተሰጠዎትን ቁጥር በዚሁ መንገድ አንድ ጊዜ ያሰሉት። ማተሚያ ቤት ውስጥ በእጅ ሲገለበጥ የሚገለባበጥ አኃዝ ብዙ ነው፤ ይህ ስሌት አብዛኛውን ይይዘዋል።

3. ቋሚ ወይስ በየባቹ የሚለወጥ?

ማሸጊያው በሺህ በሚቆጠር ብዛት አስቀድሞ የሚታተም ከሆነ በላዩ ያለው ካሬ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ሊይዝ የሚችለው የምርቱን ቁጥርና የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ነው፤ ቀንና ባች ሊይዝ አይችልም። ቀንና ባች የሚይዝ ካሬ ከፈለጉ በሚያሽጉበት ቀን፣ በቦታው መታተም አለበት። ለዚህ በአነስተኛ የስቲከር ማተሚያ አትሞ ማሸጊያው ላይ መለጠፍ ያዋጣል።

የእኔ ምክር ለአብዛኛው አነስተኛ አምራች ስቲከሩ ነው። ማሸጊያው ላይ ስምና ሥዕል ይታተም፤ ለስቲከር የሚሆን ነጭ ቦታ ይተው። ቀኑን በስቲከር መለጠፍዎ አይቀርምና በዚያው ስቲከር ላይ ካሬውን መጨመር ሌላ ሠራተኛ አይጠይቅም።

4. ቀኑና ባቹ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡ።

ካሬው ውስጥ ቀን የሚጻፈው በስድስት አኃዝ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ዓመቱም ወሩም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የሽሮዎ መጠቀሚያ ጊዜ ሰኔ 30 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያበቃ ከሆነ በእነርሱ አቆጣጠር ጁላይ 7 ቀን 2027 ነው፤ ኮዱ ውስጥ የሚገባውም 270707 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር 190630 ብለው ካስገቡት ማሽኑ ጁን 30 ቀን 2019 ብሎ ያነበዋል፤ ትናንት ያሸጉት ሽሮ ከዓመታት በፊት የተበላሸ ሆኖ ይቆጠራል። ጳጉሜን ደግሞ የባሰ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2019 ዓ.ም.ን 191303 ብሎ የሚያስገባ ሰው አለ፤ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና ኮዱን እንደ ስህተት ይጥለዋል። ትክክለኛው 270908 ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በዘፈቀደ ስምንት ወይም ሰባት ደምሮ መቀየር አያዋጣም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል፤ ቀኑም በዘለለ ዓመት ይንሸራተታል። አስተማማኝ የቀን መቀየሪያ ይጠቀሙ፤ የተቀየረውንም ከግድግዳ ካላንደር ጋር ያመሳክሩ። ለደንበኛው ዓይን የሚታተመውን ጽሑፍ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማድረግ ይችላሉ። ሁለቱንም ካተሙ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ብለው ይለዩ። ካሬው ስላለ በዓይን የሚነበበው ቀን፣ ባችና የይዘት ዝርዝር ይቀራል ማለት አይደለም።

ወደ ባች ቁጥር እንምጣ። እስከ 20 ምልክት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የግዕዝ ፊደል አይገባም። በመዝገብዎ ላይ «ሀ-12» እያሉ የሚጽፉ ከሆነ ለኮዱ ሲባል ወደ ቁጥር ይለውጡት። «12/03/2019» ብሎ ቀኑን ራሱን ባች ማድረግም ችግር ያመጣል፤ ያ «/» ምልክት በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ክፍል ለመለየት የሚያገለግል ስለሆነ ኮዱን ይሰብረዋል። ቀላሉ መንገድ በተከታታይ የሚሄድ ቁጥር ነው፦ 19041፣ 19042፣ 19043። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሽምብራው ወይም በርበሬው ከማን እንደተገዛ፣ በየትኛው ቀን እንደተፈጨና ለየትኛው መደብር እንደሄደ በደብተር ይመዝገብ። ይህ ደብተር ከሌለ ካሬው ውስጥ ያለው ባች ቁጥር ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

5. ኮዱን ማዘጋጀት

ሁለት ዓይነት ካሬ ያጋጥምዎታል። አንደኛው በሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ትልልቅ ዓይን ያለው ኪውአር ኮድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ፣ ማሳሂሮ ሃራ በመሩት ቡድን የተሠራው የመኪና መለዋወጫዎችን ለመከታተል ነበር። ሁለተኛው ዳታ ማትሪክስ ነው፤ በመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚያዩት፣ ሁለት ጎኑ በወፍራም መስመር የተዘጋው ትንሹ ካሬ። ዳታ ማትሪክስ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ ነገር ግን የብዙ ስልኮች ካሜራ በራሱ አያነበውም። ለምግብ ማሸጊያ ኪውአርን እመርጣለሁ፤ መደብሩም ደንበኛውም ያነቡታል።

ውስጡ የሚገባው አድራሻ ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

የድረ ገጽዎ አድራሻ/01/09506000134352/10/19042?17=270707

ከ01 ቀጥሎ የምርቱ ቁጥር፣ ከ10 ቀጥሎ ባቹ፣ ከ17 ቀጥሎ የማብቂያ ቀኑ ይገባል። ማሸጊያው ላይ የጻፉት «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙበት ይመረጣል» የሚል ከሆነ በ17 ፈንታ 15 ይሁን። የምርቱ ቁጥር ለማሳያ የተቀመጠ ነው፤ አይገልብጡት። መደብሩ ቁጥሩን የሚያወጣው ከአድራሻው ጽሑፍ ላይ ስለሆነ ለሽያጭ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኔትወርክ ቢቋረጥም ሽሮው ይሸጣል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ደንበኛው በስልኩ ሲከፍተው ነው።

«በነፃ ኪውአር እንሠራለን» የሚሉ ድረ ገጾችን ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ የሚሰጡት የራሳቸውን አድራሻ የያዘና ወደ እርስዎ ገጽ የሚያዞር ኮድ ነው። ክፍያ ያልተፈጸመ ዕለት ማዞሩን ያቆማሉ፤ በመደርደሪያ ላይ ያለው ማሸጊያ ሁሉ ወደ ባዶ ገጽ ይመራል። እንዲህ ያለው አድራሻ የምርት ቁጥሩን በውስጡ ስለማይዝ ለመክፈያውም አይሠራም። የራስዎ አድራሻ ይኑርዎት፤ እድሳቱንም የንግድ ፈቃድ እንደሚያድሱት ይከታተሉ።

የሚከፈተው ገጽ ቀላል ይሁን። ከባድ ፎቶ አይጫንበት፤ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ይዘቱን፣ የአለርጂ ማስጠንቀቂያውንና ስልክዎን ይያዝ። ከካሬው አጠገብም «ስለ ምርቱ ለማወቅ» የሚል አጭር ጽሑፍ ያኑሩ። ሰው ካሬን የለመደው በቴሌብር ሲከፍል ነው። በለገጣፎ መንገድ ባለ አንድ መደብር አንዲት እናት የሽሮውን ካሬ እየቃኙ ሒሳብ ሊከፍሉ ሲሞክሩ ገንዘብ ተቀባይዋ «እማማ፣ እሱ የመክፈያው አይደለም፤ የመክፈያው ይኸው እዚህ ነው» እያለች ወደ ጠረጴዛው ስታሳያቸው አይቻለሁ።

6. መጠንና ሕትመት

ካሬው በትንንሽ ነጠብጣብ ቤቶች የተሠራ ነው። በመክፈያ ላይ ለሚነበብ ኮድ የአንዱ ቤት ጎን ከ0.4 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፤ 0.5 ቢሆን ይመረጣል። ከላይ ያለውን ያህል አድራሻ ለመያዝ በመካከለኛ የስህተት ማረሚያ ደረጃ (ኮዱ በከፊል ቢበላሽም እንዲነበብ የሚያደርገው አቅም) በየጎኑ 33 ቤት ያለው ኪውአር ይበቃል፤ በ0.5 ሲባዛ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዙሪያው በየጎኑ አራት ቤት የሚያህል ባዶ ነጭ ቦታ ግዴታ ስለሆነ ጠቅላላው 20.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዲዛይነሮች ያን ነጭ ቦታ እንደ ብክነት እያዩ ቅጠልና ሐረግ ያስገቡበታል፤ አይፍቀዱ። አድራሻው ባጠረ ቁጥር ካሬው ያንሳል።

የስቲከር ማተሚያዎ በኢንች 203 ነጥብ የሚያትም ከሆነ በሚሊ ሜትር ስምንት ነጥብ ማለት ነው፤ አራት ነጥብ ልክ 0.5 ሚሊ ሜትር ይሰጥዎታል። ኮዱን በጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ላይ እየጎተቱ ማሳነስ ይህን ልክ ያፈርሰዋል፤ አንዱ ቤት ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይወጣል። መጠኑን በማተሚያው ፕሮግራም ይወስኑት። ማተሚያ ቤት የሚልኩ ከሆነ በፒዲኤፍ ወይም በኤስቪጂ ያስቀምጡት። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ጠርዙን ያደበዝዘዋል።

ቀለሙ ጥቁር በነጭ ይሁን። ቀይ መስመር በነጭ ላይ ለማንበቢያው ቀይ ብርሃን አይታይም። ይህን የማነሳው የበርበሬ አሻጊዎች ሁሉን ነገር ቀይ ማድረግ ስለሚወዱ ነው። ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ነጭ መደብ ይታተም፤ አለዚያ የታሸገው ነገር ከኮዱ ጋር ይደባለቃል። በሙቀት ብቻ የሚያትም ስቲከር በፀሐይ ይደበዝዛል፤ ሱቆች ዕቃ በር ላይ ስለሚደረድሩ ሪባን የሚጠቀመውን ማተሚያ ይምረጡ።

7. የት ይቀመጥ?

ከመስመሩ ኮድ ጋር በአንድ ፊት ላይ፣ ጎን ለጎን። ገንዘብ ተቀባዩ እጁ የለመደው የመስመሩን ቦታ ስለሆነ ካሬውን ፊት ለፊት፣ መስመሩን ጀርባ ላይ ማድረግ ዕቃውን እያገላበጡ መፈለግ ያመጣል። ከዚፑ፣ ከስፌቱና ከታችኛው እጥፋት ይራቅ። ክብ የማር ጠርሙስ ላይ የመስመሩ ኮድ መስመሮች እንደ መሰላል እርከን አግድም ይተኙ፤ ቆመው ከሆነ ዳርና ዳሩ ወደ ኋላ ይታጠፍና አይነበብም።

8. መሞከር

ስልክዎ አነበበው ማለት መደብሩ ያነበዋል ማለት አይደለም፤ የስልክ ካሜራ ብዙ ስህተት ይታገሣል። በእውነተኛው ማሸጊያ ላይ ያትሙ፤ ሽሮውን ሞልተው ይዝጉ፤ ከረጢቱ ሲወጠርና ሲጨማደድ ይሞክሩት። በርበሬ የነካ እጅ ይደባብሰው፤ ጠርገው እንደገና ይሞክሩት። ወደ ውጭ ለመላክ ካሰቡ ደግሞ የሕትመቱን ጥራት በመለኪያ መሣሪያ ማስመርመር ያስፈልጋል፤ በመደብር ለሚነበብ ኮድ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ነጥብ 1.5 ነው።

ከዚያ አንድ ካርቶን ይዘው ወደ መደብሩ ይሂዱና ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ሁለቱ ኮዶች አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ማንበቢያው ሁለቱንም አንብቦ አንዱን ሽሮ ሁለት ብሎ እንዳይቆጥር፤ ደረሰኙን ይዩ። ሁለተኛ፣ ማብቂያ ቀኑ በስክሪኑ ላይ በትክክል መውጣቱን። ሦስተኛው ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው። ማንበቢያው ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ሆኖ ነው የሚጽፍለት። ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ መጻፊያ በርቶ ከሆነ በአድራሻው ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደላት ወደ ግዕዝ ይለወጡና ኮዱ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ይሆናል። የመስመሩ ኮድ ቁጥር ብቻ ስለሚልክ ይህ ችግር እስከ ዛሬ አልታየም። መፍትሔው መጻፊያውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው፤ ማሸጊያዎ ተበላሽቷል ተብሎ ካርቶኑ ከመመለሱ በፊት ይህን ያስፈትሹ።

ሙከራው ካለፈ የምርቱን ቁጥር፣ ስምና መጠን በጽሑፍ ለዕቃ ተረካቢው ይስጡ፤ ከእያንዳንዱ ርክክብ ጋርም የባች ቁጥሮቹ በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ይጻፉ። የመስመሩን ኮድ ከማሸጊያው ላይ የሚያነሱት ዕቃዎን የሚቀበሉ መደብሮች በሙሉ ካሬውን በመክፈያቸው እንደሚያነቡ በራስዎ ዓይን ካዩ በኋላ ብቻ ነው።